ግምት በነጻ፣ ቀለም በባልዲ፦ የአንድ የአዲስ አበባ ቀለም መደብር አገልግሎት ሲመዘን

በአዲስ አበባ አንዳንድ የቀለም መደብሮች ዛሬ ቀለም በመሸጥ ብቻ አይወሰኑም። ደንበኛው የመረጠውን ቀለም በማሽን ይቀምማሉ፣ ቤቱ ስንት ሊትር እንደሚፈጅ ያለ ክፍያ ይገምታሉ፣ ቀለም ቀቢ ለሌለውም ሰው የሚያውቁትን ባለሙያ ያገናኛሉ። ይህ ጽሑፍ ሦስቱንም አገልግሎት በአንድ ቦታ ያገኘሁበትን መደብር ይገመግማል። የመደብሩን ስም አልጠቅስም፤ የማመሰግነው ነገር ሌላም ቦታ ሊገኝ ይችላል፣ የምነቅፈውም የእርሱ ብቻ አይደለም። የተቀባው ቤት ሰው ሲኖርበት የቆየ፣ ሁለት መኝታ ቤት ያለው፣ በካርታው ላይ 58 ካሬ ሜትር ተብሎ የተመዘገበ የኮንዶሚኒየም ቤት ሲሆን የውስጡ ግድግዳና ኮርኒሱ በሙሉ እንደገና ተቀብቷል።

ከግምቱ እጀምራለሁ፤ ገንዘብ የሚተርፈውም የሚባክነውም እዚያ ላይ ነውና። ባንኮኒው ላይ የነበረው ወጣት ትሑትና ቀልጣፋ ነው። «ጋሼ፣ ቤትዎ ስንት ካሬ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ 58 መሆኑን ስነግረው በስልኩ ላይ ጥቂት ቁጥር ነካክቶ ሦስት ባለ 20 ሊትር ባልዲ እንደሚያስፈልገኝ አስታወቀኝ። ስሌቱን እንዲያሳየኝ ስጠይቀው ሳያቅማማ አሳየኝ፣ ይህም ሊመሰገንበት ይገባል። የወለሉን ስፋት በሦስት አባዝቶ 174 ካሬ ሜትር የሚቀባ ቦታ አገኘ፤ ሁለት እጅ ስለሚቀባ ያንን በሁለት አባዛ፤ አንድ ሊትር 6 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ብሎ ሲያካፍለው 58 ሊትር መጣለት፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሙሉ ባልዲ አጠጋጋው። ከላይ ሲታይ ጥፋት የሌለው ስሌት ነው። ነገር ግን ሁለት ደካማ ምሰሶዎች አሉት፤ እነርሱም በሦስት ማባዛቱና በስድስት ማካፈሉ ናቸው።

በሦስት የማባዛቱ ልማድ የመጣው የአንድ ክፍል ግድግዳና ኮርኒስ ሲደመር በአማካይ ከወለሉ ሦስት እጥፍ አካባቢ ስለሚሆን ነው። ሆኖም ክፍሉ ባነሰ ቁጥር ግድግዳው ከወለሉ አንጻር እየበዛ ይሄዳል። የጣሪያው ከፍታ 2.60 ሜትር ነው ብንል፣ 3 በ3 የሆነ መኝታ ቤት ወለሉ 9 ካሬ፣ ግድግዳው ደግሞ 31.2 ካሬ ነው፤ ግድግዳው ብቻውን የወለሉን ሦስት እጥፍ ተኩል ያህላል። 6 በ4 የሆነ ሰፊ ሳሎን ግን ወለሉ 24፣ ግድግዳው 52 ካሬ ስለሚሆን እጥፉ ከሁለት ብዙም አያልፍም። በሌላ በኩል መታጠቢያ ቤቱ እስከ 2 ሜትር ድረስ ሴራሚክ የለበሰ ከሆነ ለቀለም የሚቀረው ከላይ ያለችው ጠባብ ዙሪያ ብቻ ናት። በካርታ ላይ የሚሰፍረው ስፋትም የግድግዳ ውፍረትንና በረንዳን ሊጨምር ስለሚችል ከመነሻው የሚቀባውን ወለል አይነግረንም። ስለዚህ በወለል ካሬ ላይ የቆመ ግምት አንዳንዴ ይበዛል፣ አንዳንዴ ያንሳል፣ አንዳንዴም ስሕተቶቹ እርስ በርስ ተጣፍተው ልክ ይመጣል።

እኔ ቤት የደረሰው ይህ የመጨረሻው ነው። ሜትር ይዤ ክፍል በክፍል ስለካ ሳሎኑ 4.80 በ3.60 ሆነ። ዙሪያው 16.80 ሜትር ነው፤ በ2.60 ከፍታ ሲባዛ 43.7 ካሬ ሜትር ግድግዳ ይሰጣል። ከዚህ ላይ የመግቢያው በር፣ ወደ ኮሪደር የሚያሳልፈው ክፍተትና መስኮት የተያያዘበት የበረንዳ በር ሲቀነሱ 7 ካሬ ያህል ይወርዳል፤ የሚቀባው ግድግዳ 36.5 ካሬ ይሆናል ማለት ነው። መኝታ ቤቶቹን፣ ኮሪደሩን፣ ወጥ ቤቱንና የመታጠቢያ ቤቱን ላይኛ ዙሪያ በዚሁ መንገድ ደምሬ 128 ካሬ ግድግዳና 50 ካሬ ኮርኒስ፣ በድምሩ 178 ካሬ አገኘሁ። ከወጣቱ 174 ጋር የሚለየው በ4 ካሬ ብቻ ነው። ስለዚህ ወጣቱ በገመተውና ቤቱ በመጨረሻ በፈጀው ቀለም መካከል የታየው ሰፊ ልዩነት ከስፋቱ አልመጣም፤ አንድ ሊትር ስንት ካሬ ይሸፍናል ከሚለው ቁጥር የመጣ ነው።

በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር በሊትር ይላል። ይህ ቁጥር የሚሠራው ልስልስ ባለ፣ ቀድሞ በተቀባ፣ ቀለም በማይመጥ ግድግዳ ላይ ለአንድ እጅ ነው። ሻካራ ልስን፣ አዲስ ስቱኮ ወይም ጂፕሰም ላይ የመጀመሪያው እጅ ብዙ ስለሚመጠጥ ሽፋኑ ወደ 7 እና 8 ሊወርድ ይችላል። መደብሩ 6 ብሎ የሚያሰላው እጅግ የከፋውን ግድግዳ ለሁሉም ቤት መለኪያ በማድረግ ነው። ደንበኛው ቀለም አልቆበት እንዳይመለስ ያስባል የሚል መከራከሪያ ሊቀርብለት ይችላል፤ የሚሸጠው ሰው ሲገምት ግምቱ ወደላይ ማዘንበሉ ግን የሚያስገርም አይደለም። እኔ 9 ካሬ በሊትር ወሰድኩ፤ 178 በሁለት ተባዝቶ ለ9 ሲካፈል 39.6 ሊትር ይሆናል፤ ለመፋሰስ፣ ሩሎ ላይ ለሚቀርና ኋላ ለሚጠጋገን 10 በመቶ ሲጨመር 43 ተኩል ይደርሳል። በመጨረሻ ቤቱ የፈጀው 45 ሊትር ገደማ ነው። ሦስት ባልዲ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ 15 ሊትር ያህል በረንዳ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ገዢ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር የመያዣው ልክ ነው። መደብሩ ውስጥ ጎን ለጎን ከተደረደሩት ባልዲዎች አንዳንዶቹ 20 ሊትር፣ አንዳንዶቹ 20 ኪሎ የሚል ጽሑፍ አላቸው፤ ከሩቅ ሲታዩ ግን መጠናቸው እምብዛም አይለይም። የውሃ ቀለም ከውሃ ይከብዳል፤ አንድ ሊትሩ እንደየዓይነቱ 1.3 ወይም 1.4 ኪሎ ግራም አካባቢ ስለሚመዝን 20 ኪሎው ወደ 14 እና 15 ሊትር ነው። የሁለቱን ዋጋ በባልዲ እያነጻጸረ «ይኸኛው ይረክሳል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ለሊትር የሚከፍለው የበለጠ ነው። ጋሎን ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን የአሜሪካው ጋሎን 3.785 ሊትር፣ የእንግሊዙ 4.546 ሊትር በመሆኑ፣ ቆርቆሮው ላይ የሰፈረውን ሊትር ማንበብ እንጂ በስሙ መተማመን አይገባም። ወጣቱ ይህን ሳልጠይቀው አልነገረኝም፤ ስጠይቀው ግን በትክክል አስረድቶኛል።

የግምቱ ዋና ጉድለት የቁጥሩ መብዛት አይደለም። ስለ ግድግዳው ሁኔታ አንድም ጥያቄ አለመጠየቁ ነው። በአገራችን ብዙ ቤቶች ኮሪደራቸውና ወጥ ቤታቸው ከታች እስከ ደረት ድረስ በዘይት ቀለም፣ ከላይ በውሃ ቀለም የተቀባ ነው፤ ቆሻሻ በቀላሉ እንዲታጠብ ታስቦ የተለመደ አሠራር ነው። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት የውሃ ቀለም ልቀባ ነው የሚል ሰው ይህ የታችኛው ግማሽ ችግር ይፈጥርበታል። የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ላይ በቀጥታ የተቀባ የውሃ ቀለም ለጊዜው የያዘ ይመስላል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን በጥፍር ሲነካ እንደ ተላጠ ድንች ልጣጭ እየተጠቀለለ ይነሳል። መፍትሔው ማብረቅረቁ እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና መያዣ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ ከሥር የሚቀባ መነሻ ቀለም፣ አንድ እጅ መቀባት ነው። ይህ ደግሞ ተጨማሪ ቁሳቁስና ተጨማሪ የሥራ ቀን ስለሆነ በግምቱ ውስጥ መግባት ነበረበት።

በኖራ የተቀባ አሮጌ ግድግዳም የራሱ ጣጣ አለው። መዳፍን ግድግዳው ላይ አሻሽቶ ማየት ይበቃል፤ እጅ ላይ ነጭ ዱቄት ከቀረ ቀለሙ የሚይዘው ግድግዳውን ሳይሆን ዱቄቱን ነው። በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ፣ ታጥቦና ደርቆ፣ በፕራይመር ካልታሰረ በስተቀር የቱንም ያህል ውድ ቀለም ቢለብስ ከዱቄቱ ጋር ተያይዞ ይወርዳል።

ሌላው የጭስ ጉዳይ ነው። ቡና የሚፈላበት ጥግ፣ ከሰል የሚቀጣጠልበትና ዕጣን የሚጨስበት ቦታ፣ ከምጣዱ በላይ ያለው ኮርኒስ፣ እነዚህ ሁሉ ዓመታት ያጠራቀሙት ቡናማ ቅባትና ጥላሸት አለባቸው። የእኔ ወጥ ቤት ኮርኒስ ላይ ቀቢው የመጀመሪያውን እጅ ነጭ ሲቀባ ጣሪያው የጸዳ ይመስል ነበር፤ ሲደርቅ ግን የድሮው ነጠብጣብ ቅርጹን ሳይለቅ ሻይ የፈሰሰበት ነጠላ መስሎ ወደ ላይ ወጣ። የውሃ ቀለም ውሃ ስላለው የጭሱን እድፍ አሟሙቶ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሦስተኛና አራተኛ እጅ መጨመር ቀለም ማባከን ብቻ ነው። ኮርኒሱ በሳሙና ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እድፍ በሚያግድ የዘይት መሠረት ባለው ፕራይመር አንድ እጅ ከተቀባ በኋላ ነጩ ሳይበላሽ ቀርቷል። ፕራይመሩን ያገኘሁት ከዚያው መደብር መደርደሪያ ላይ ነው። ዕቃው እያለ፣ ቀለም ሲገዛ ወጥ ቤት ይቀባ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ።

ወደ ቅመማው ስመጣ ምስጋናዬ ያለ ማመንታት ነው። ማሽኑ ነጩ መሠረት፣ ማለትም ገና ያልተቀመመው ቀለም፣ ውስጥ የሚገቡትን ማቅለሚያዎች በጠብታ መጠን ለክቶ ይጨምራል፣ ከዚያም ቆርቆሮው በመናጫው ላይ ይናጣል። ሠራተኛው ክዳኑ ላይ የቅመማውን ቀመር የያዘ ወረቀት ለጠፈበት፤ ከዓመት በኋላ ግድግዳ ቢቧጨርና ጥቂት ቀለም ቢያስፈልግ ይህ ወረቀት ወርቅ ነው፣ ስለዚህ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ የወደድኩት ሠራተኛው ናሙናውን በጣቱ ካርቶን ላይ ቀብቶ፣ በማድረቂያ አድርቆ፣ ከመደብሩ ደጅ አውጥቶ በፀሐይ ብርሃን ማሳየቱ ነው። እርጥብ ቀለም ሲደርቅ መልኩ ይለወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይጠቁራል፤ በነጭ አምፖል ሥር የተመረጠ ክሬም ደግሞ ቤት ሲደርስና ቢጫ አምፖል ሲበራበት ወደ ቅቤ መልክ ሊያደላ ይችላል። ናሙናው የሚፈተንበት ትክክለኛው ቦታ የሚቀባው ግድግዳ ራሱ ነው፤ መስኮት ካለበት ግድግዳና መስኮቱን ፊት ለፊት ከሚያየው ግድግዳ ላይ አንድ አንድ ካሬ ቀብቶ ጠዋትም ማታም ማየት ያዋጣል።

አንድ ነገር ግን እዚህም ላይ መታረም አለበት። ደማቅ ቀይ፣ ጠንካራ ቢጫ ወይም ጥልቅ ሰማያዊ ለመረጠ ሰው ግምቱ በሁለት እጅ ተሰልቶ ይሰጠዋል። ጥልቅ ቀለሞች የሚቀመሙት ነጩ ማቅለሚያ፣ ማለትም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ባነሰበት መሠረት ላይ ነው፤ የመሸፈን አቅማቸውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በተለይ ቀይና ቢጫ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት እጅ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ከሥር ለቀዩ ግራጫ እጅ ማልበስ ቀለም ይቆጥባል። አንድ ግድግዳ ብቻ በደማቅ ቀለም ማስጌጥ የፈለገ ሰው ለዚያ ግድግዳ የተለየ ሂሳብ ቢሠራ ይሻለዋል። እኔ ለግድግዳው ፈዘዝ ያለ የአሸዋ መልክ ስለመረጥኩ ሁለት እጅ በቅቶኛል።

ቆርቆሮዎቹ ብዙ ከሆኑ ሁሉንም በአንድ ትልቅ ንጹሕ በርሜል ወይም ባልዲ ውስጥ አደባልቆ መቀባት ተገቢ ነው። ማሽኑ የቱንም ያህል ትክክለኛ ቢሆን በሁለት ቆርቆሮ መካከል ዓይን የሚያየው ጥቂት ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ ይህም ልዩነት በግድግዳው መካከል፣ አንዱ ቆርቆሮ አልቆ ሌላው በተጀመረበት መስመር ላይ ይጋለጣል።

መደብሩ ያገናኘኝ ቀቢ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። የእጅ ዋጋው በካሬ ስለሆነ ግን ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገሮችን በግልጽ መነጋገር አስፈልጎን ነበር። አንደኛው የበርና የመስኮት ካሬ ይቀነሳል ወይ የሚለው ነው፤ ቀቢዎች ዙሪያውን በቡርሽ መከርከሙ ከሜዳው ግድግዳ በላይ ጊዜ ይፈጃል ብለው ብዙ ጊዜ አይቀንሱም፣ ነገሩም እውነትነት አለው። ስለዚህ ለቀለም ግዢ የሚቀነሰው ካሬ ለእጅ ዋጋ ላይቀነስ ይችላል፤ ሁለት የተለያዩ ልኮች መያዝ ከክርክር ያድናል። ሁለተኛው ስቱኮ መድፈንና መፈግፈግ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩ ነው። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚዘለው የውሃው መጠን ነው። ቀለም በውሃ ይቀጥናል፤ መጠኑ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል፣ አብዛኛውን ጊዜም ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው። 20 ሊትሩ ላይ 10 ሊትር ውሃ የሚጨምር ቀቢ ሩሎው በግድግዳው ላይ በቀላሉ ይንሸራተትለታል፣ ቀለሙም የበረከተ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት እጁ የአንድ እጅ ያህል ይሸፍናል፣ ሲታጠብም ቶሎ ይለቃል። የእኔ ቀቢ መጀመሪያ በዓይኑ ሊለካ አስቦ ነበር። የሁለት ሊትር የውሃ ጠርሙስ መለኪያ ይሁን ብዬ ሳቀርብለት «እሺ ጋሼ፣ ኃላፊነቱን ከወሰዱ» አለና በዚያው ቀጠለ፤ ኃላፊነቱ የፋብሪካው መሆኑን ቆርቆሮውን አዙሬ አሳየሁት።

የሥራው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፤ ኮርኒስ ይቀድማል፣ ግድግዳ ይከተላል፣ በርና መስኮት መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። ጊዜን በተመለከተ ግን የመደብሩ ምክር ሊሰማ ይገባል። ቀለሙ በደረቅ ወራት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ውስጥ ለሁለተኛው እጅ ይደርሳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ያው ግድግዳ ለዳሰሰው ደረቅ ቢመስልም ውስጡ እርጥብ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ለአዲስ ዓመት ቤት ለማሳመር ተብሎ ክረምቱ መጨረሻ ላይ የሚጀመር ሥራ መስኮት ተከፍቶ፣ በአንድ እጅና በሌላው መካከል ሌሊት ተሰጥቶት ካልሆነ በስተቀር ብዙ ጊዜ መላላጥ ያስከትላል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ላይ ደግሞ በየትኛውም ወቅት ቢሆን አራት ሳምንት ያህል ሳይቆዩ መቀባት ጨው ያስወጣል።

ስለ ደኅንነት ሲነሳ መደብሩ ያለ ጥርጥር ደካማ ነው። በኢትዮጵያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ሊኖር የሚችለውን የእርሳስ መጠን 90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ በታች እንዲሆን ደንግጓል። ወጣቱን የትኞቹ የዘይት ቀለሞች ይህን እንደሚያሟሉ ስጠይቀው «ሁሉም ጥሩ ነው» ከማለት በቀር የሚያሳየኝ ነገር አልነበረውም። ሕፃናት ላሉበት ቤት ይህ በቂ መልስ አይደለም። በአሮጌ የዘይት ቀለም ላይ የሚሠራ ቀቢም ደረቁን እየፈገፈገ ቤቱን አቧራ ከሚያደርግ፣ ግድግዳውን አርጥቦ ቢፈገፍግና ልጆች በዚያ ቀን ሌላ ቦታ ቢውሉ ይመረጣል።

በጥቅሉ ለቅመማው ከአምስት አምስት፣ ለመስተንግዶው አራት፣ ለግምቱ ሁለት እሰጣለሁ። የራሱን ቤት በሜትር ለክቶ፣ የኮሪደሩን የዘይት ቀለምና የወጥ ቤቱን ጥላሸት ጠቅሶ ለሚሄድ ሰው መደብሩ የሚመከር ነው፤ ካሬውን ብቻ ተናግሮ ባልዲ ጭኖ ለሚመለስ ሰው ግን አልመክረውም። ሲገዙ ልብ ሊሉት የሚገባው የመመለሻው ደንብ ነው። የተቀመመ ቀለም ከማሽኑ ከወጣ በኋላ አይመለስም፣ ሌላ ደንበኛ ስለማይፈልገው ይህ አግባብ ነው። ስለዚህ የግድግዳው ቀለም በትክክል ተሰልቶ በአንድ ጊዜ መቀመም አለበት፤ የኮርኒሱ ነጭ ግን እያለቀ ሲሄድ በጋሎን ሊጨመር ይችላል፣ ክዳኑ ያልተነካ ነጭ ባልዲንም መደብሩ ደረሰኝ ይዞ ከመጣ ደንበኛ ያለ ክርክር ይቀበላል።